ስለ ማሕፀን አንገት መቈጣትና በሴቶች ጤና ላይ ስለሚያመጣው ጕዳት

በየጤና ጣቢያው ለምርመራ የሚቀርቡ ሴቶች ከሚናገሩት ሕመም ሁሉ እጅግ የተለመደው፥ ነገር ግን እጅግ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚነገረው፥ ከብልት የሚወጣ ያልተለመደ ፈሳሽ ነው። አንዲቱ «ብርድ መታኝ» ትላለች፤ ሌላዪቱ ስለ ወገቧ ሕመም ብዙ ከተናገረች በኋላ ልትወጣ ስትል በሩ አጠገብ ቆማ እውነተኛውን ነገር ታነሣለች፤ ብዙዎቹ ደግሞ ጨርሶ ሳይናገሩ ይመለሳሉ። ለዚህ ፈሳሽ ምክንያት ከሚሆኑት ደዌዎች አንዱ የማሕፀን አንገት መቈጣት፥ በሐኪሞች አነጋገር የማሕፀን አንገት ብግነት የሚባለው ነው። በሽታው በራሱ ሰውን የሚገድል አይደለም፤ በወቅቱ ከታወቀም በአብዛኛው በጥቂት ቀን መድኃኒት ይድናል። ሳይታወቅ ሲቀር ግን ወደ ላይ እየወጣ ሴቲቱን መካን ሊያደርጋት፥ ፅንስን ያለ ቦታው ሊያስቀር፥ የተወለደውንም ሕፃን ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል፤ በዚህ ወር ስለ እርሱ ሰፋ አድርጎ መጻፍ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ስለ ኀፍረተ ሥጋ በግልጥ መጻፍ ከጨዋነት የራቀ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ስሙን ለመጥራት የሚያፍሩበትን ብልት ለሐኪም ማሳየት ደግሞ የባሰ እንደሚያሳፍር በየቀኑ ስለምናይ፤ ብልቶቹንም በሽታዎቹንም በየስማቸው እንጠራቸዋለን።

የማሕፀን አንገት ምንድር ነው?

ማሕፀን በቅርጹ አንገቱን ወደ ታች ያደረገ ትንሽ ቅል ይመስላል። ሰፊው ክፍል ፅንስ የሚያድርበት ሲሆን፥ ጠበብ ብሎ ወደ ብልት ውስጥ ብቅ የሚለው የታችኛው ክፍል የማሕፀን አንገት ይባላል፤ አንዳንዶችም የማሕፀን በር ወይም የማሕፀን ጫፍ ይሉታል። ርዝመቱ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን የተሰጠው ሥራ ከመጠኑ ጋር የሚመዛዘን አይደለም። የወር አበባ የሚወርደው፥ የወንድ ዘርም ወደ ላይ የሚያልፈው በመካከሉ ባለው ቀጭን ቦይ ነው፤ በምጥ ጊዜም ያው ጠባብ ቦይ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ተከፍቶ ሕፃኑን ያሳልፋል። በሌላው ጊዜ ሁሉ የማሕፀን አንገት እንደ ዘበኛ ሆኖ በሩን ይጠብቃል። ከዕጢዎቹ የሚፈልቀው ዝልግልግ ፈሳሽ ቦዩን ይዘጋዋል፤ ዕንቍላል በሚወጣባቸው ጥቂት ቀናት ፈሳሹ እንደ ዕንቍላል ነጭ ውኃ ይቀጥንና ለወንድ ዘር መንገድ ይለቃል፤ ሴቲቱ ባረገዘች ጊዜ ደግሞ ይደድርና እንደ ውታፍ ሆኖ ቦዩን ይደፍነዋል። ስለዚህ ጤነኛ ሴት ሁሉ መጠነኛ ፈሳሽ አላት፤ መጥፎ ጠረን የሌለው፥ የማያሳክክ፥ ነጭ ወይም ውኃ መሳይ ፈሳሽ በሽታ አይደለም።

ይህ አንገት ሁለት ዓይነት ልባስ አለው። ወደ ብልት የሚታየው የውጩ ገጽ፥ እንደ አፍ ውስጥ ሥጋ፥ ብዙ ደርብ ባለው ጠንካራ ልባስ ተሸፍኗል። የውስጡ ቦይ ልባስ ግን አንድ ደርብ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያሉት የደም ሥሮች ስለሚያስተላልፉበትም ቀልቶ ይታያል። በኋላ የምናነሣቸው ጨብጥና ክላሚዲያ የሚይዙት ይህንን ስስ የውስጥ ልባስ ነው። በወጣት ሴቶች፥ በነፍሰ ጡሮችና የወሊድ መቈጣጠሪያ እንክብል በሚወስዱት ዘንድ የውስጡ ልባስ ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ ተገልብጦ ይታያል። የቀድሞ ሐኪሞች ይህን ቀይ ቦታ ሲያዩ የተላጠ ሥጋ መስሏቸው «የማሕፀን አንገት ቍስለት» የሚል ስም ሰጡት፤ በጋለ ብረት ወይም በሚያቃጥል መድኃኒትም ይተኵሱት ነበር። ዛሬ እንደሚታወቀው ግን ነገሩ ቍስል ሳይሆን ተፈጥሮ ነው፤ በአብዛኛውም ምንም ሕክምና አያስፈልገውም። ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዲት ሴት «ማሕፀንሽ ቈስሏል» ተብላ ለብዙ ወራት እንቅልፍ ብታጣ፥ ባሏም ቢጠራጠራት፥ ጕዳቱን ያደረሰባት ተሐዋሲ ሳይሆን ቃል ነው። እንዲህ ያለ ነገር የተነገራት ሴት፥ በእርግጥ መቈጣት ያለባት መሆንዋንና አለመሆንዋን ለይቶ እንዲነግራት ሐኪሙን መጠየቅ ይገባታል።

የሚያስቈጡት ነገሮች

ከሁሉ በፊት የሚታሰቡት በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉ ተሐዋስያን ናቸው። ከእነዚህም በአገራችን ስሙ የታወቀው ጨብጥ ነው። ተሐዋሲውን በ1879 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) አልቤርት ናይሰር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም አገኘው። ጨብጥ በጨረቃ ፊት ሽንት በመሽናት ወይም በጋለ ድንጋይ ላይ በመቀመጥ ይመጣል የሚለው የቈየ ወሬ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መቅረት ነበረበት፤ ነገር ግን ለባልም ለሚስትም የሚመች ማመካኛ ስለ ሆነ እስከ ዛሬ በየቦታው ይሰማል።

ሁለተኛው ክላሚዲያ የሚባለው ነው። ስሙ ለብዙ አንባብያን እንግዳ ቢሆንም ዘመዱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በገጠራችን ብዙ ዓይን ያሳወረውን ትራኮማን የሚያመጣው ያው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ ነውና። ነገዱ አንድ ሲሆን ወገኑ ይለያያል፤ አንደኛው ወገን በዝንብ፥ በእጅና በጨርቅ ከዓይን ወደ ዓይን ይሄዳል፤ ሌላው ወገን የማሕፀንን አንገት ይይዛል። ሃልበርሽቴተርና ፕሮቫዜክ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1907 ዓ.ም. በጃቫ ደሴት ሳሉ ትራኮማ ከያዘው ዓይን በተወሰደ ሕዋስ ውስጥ መጀመሪያ አዩት። ክላሚዲያ በራሱ ኀይል የሚራባ አይደለም፤ በሕያው ሕዋስ ውስጥ ገብቶ፥ በዚያም ተሸሽጎ ይበዛል፤ አንዱን ዙር ለመፈጸምም ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይፈጅበታል። መድኃኒቱ ለሙሉ ሳምንት ሳይቋረጥ መወሰድ የሚገባው በዚህ ጠባዩ ምክንያት ነው። ከተያዙት ሴቶች ከአሥሩ ሰባቱ ያህል ምንም አይሰማቸውም፤ ስለዚህም ከጨብጥ ይልቅ የሚያሠጋው እርሱ ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ ማይኮፕላስማ ጄኒታሊየም የሚባለው፥ በ1980 ዓ.ም. በለንደን መጀመሪያ የተለየው፥ እጅግ ትንሹ ተሐዋሲ አለ። ትሪኮሞናስ የሚባለውም አለ፤ እርሱ ክር መሳይ ጅራቶቹን እያወናጨፈ የሚዋኝ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም የማሕፀንን አንገት እንደ እንጆሪ በቀያይ ነጠብጣብ ያዥጐረጕረዋል። ውኃ የቋጠሩ ቍስሎች የሚያወጣው የኸርፒስ ቫይረስም በተለይ መጀመሪያ በያዘ ጊዜ ብርቱ መቈጣት ያመጣል።

ተሐዋስያን የሌሉበት መቈጣትም አለ። በብልት ውስጥ የሚቀመጡ የወንድ ዘር መግደያ ቅባቶች፥ ለአንዳንዷ ሴት የማይስማማ የኮንዶም ጎማ፥ ተረስቶ የቀረ ጥጥ፥ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ብልትን በውስጥ የመታጠብ ልማድ ስሱን ልባስ ያስቈጣሉ። ስለዚህ ልማድ ጥቂት ማለት አለብን፤ ምክንያቱም የሚያደርጉት ሴቶች ንጽሕናን የሚወዱ ናቸውና። በጤነኛ ብልት ውስጥ፥ ወተትን እርጎ ከሚያደርጉት ጋር አንድ ወገን የሆኑ፥ ላክቶባሲለስ የሚባሉ ተሐዋስያን ይኖራሉ። አልቤርት ዶደርላይን የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ስለ እነርሱ በ1892 ዓ.ም. ጽፏል። እነዚህ ወዳጆቻችን የሚያወጡት አሲድ ብልትን እንደ እርጎ መጠነኛ ጎምዛዛ አድርጎ ስለሚያቈየው ጠላት የሆኑት ተሐዋስያን በቀላሉ አይራቡበትም። ሴቲቱ ሳሙና፥ ዴቶል፥ ሎሚ ወይም ጨው የገባበት ውኃ በውስጥ ባፈሰሰች ቍጥር ግን እነዚህን ወዳጆች ታጥባ ትጥላለች፤ ከታች ያለውንም ተሐዋሲ ውኃው ወደ ላይ ሊገፋው ይችላል። ፈሳሽ ስለ በዛባት ትታጠባለች፤ ስለምትታጠብም ፈሳሹ ይብስባታል። የውጩን በንጹሕ ውኃ፥ ከፊት ወደ ኋላ፥ በየቀኑ መታጠብ በቂ ነው፤ ውስጡ ራሱን በራሱ ያጠራል። ሴቶቻችን ስለሚወዱት የወይባ ጢስ የሚጠይቁን አሉ፤ ለገላ ጠረን የሚሆነውን ያህል ይሁን፤ በማሕፀን አንገት ቦይ ውስጥ ያለውን ተሐዋሲ ግን ጢስ አያወጣውም።

በመጨረሻም በብዙ ሴቶች፥ ምርመራው ሁሉ ተደርጎም፥ አንድም የታወቀ ተሐዋሲ የማይገኝበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የማሕፀን አንገቷ ተቈጥቶ የተገኘችውን ሴት ሁሉ፥ ከባሏ በቀር ወንድ አውቃለች ወይም ባሏ ከእርሷ በቀር ሴት አውቋል ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው።

እንዴት ይታወቃል?

በውጭ አገር ስንማር መምህሮቻችን ደጋግመው ያሳዩን አንድ ቀላል ነገር ነበር፤ እርሱም ጥጥ በተጠቀለለበት ቀጭን እንጨት ከማሕፀን አንገት ቦይ ፈሳሽ ወስዶ በብርሃን ፊት ማየት ነው። ነጩ ጥጥ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ከወጣ መግል አለ ማለት ነው። ጥጡ ገና ሲነካው የማሕፀኑ አንገት ከደማ ደግሞ ሁለተኛው ምልክት ነው፤ ጤነኛ ልባስ በጥጥ መነካት አይደማምና። ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ቢገኝ መቈጣት አለ ይባላል፤ ምክንያቱን ለይቶ ማወቅ ግን የላቦራቶሪ ሥራ ነው።

ሴቲቱ ራሷ ልታስተውላቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ፈሳሹ ከወትሮው ቢበዛ፥ ቀለሙ ቢለወጥ፥ ቢሸት፤ ከሩካቤ በኋላ ወይም በሁለት የወር አበባ መካከል ደም ብታይ፤ በሩካቤ ጊዜ በጥልቀት ቢያማት፤ ሽንቷ ቢያቃጥላት ትመርመር። ከሩካቤ በኋላ የሚታይ ደም በተለይ ሊናቅ አይገባውም። ይህንኑ ምልክት የማሕፀን አንገት ካንሰርም ያሳያልና፥ ሁለቱን በዓይን አይቶ ሳይለይ «መቈጣት ነው» ብሎ ክኒን ብቻ ሰጥቶ የሚያሰናብት ሰው የሚያስመሰግን ሥራ አልሠራም።

በአገራችን በብዙ ጤና ጣቢያ የጨብጥንና የክላሚዲያን ተሐዋሲ የሚለይ መሣሪያ ስለማይገኝ፥ ሕክምናው የሚሰጠው ሴቲቱ በምትናገረውና ሐኪሙ በሚያየው ምልክት ነው። ይህ አሠራር ለብዙዎች ጠቅሟል፤ ሴቲቱ መድኃኒቷን በዚያው ቀን ይዛ ትሄዳለችና። ነገር ግን ምልክት የሌላትን ሴት አያገኛትም። እርሷን የሚያገኛት በአብዛኛው አንድ መንገድ ነው፤ ባሏ በታመመ ጊዜ እውነቱን ሲነግራት።

ሳይታከም ሲቀር

በማሕፀን አንገት ያለው ተሐዋሲ፥ ዘበኛው በደከመ ጊዜ፥ ወደ ማሕፀን ውስጥ፥ ከዚያም ዕንቍላል ወደሚያልፍባቸው ሁለት ቧንቧዎች ይወጣል። በዚህን ጊዜ የታችኛው ሆድ ሕመም፥ ትኵሳት፥ አንዳንድ ጊዜም ማስመለስ ይመጣል። የባሰው ግን ሕመሙ እጅግ ቀላል ሆኖ ሴቲቱ እንጀራዋን እየጋገረች፥ ውኃዋን እየቀዳች የሚያልፈው ነው። የቧንቧው ውስጥ እንደ ክር የቀጠነ ነው፤ በውስጡም ዕንቍላሉን ወደ ማሕፀን የሚነዱ እጅግ ረቂቅ ጠጕሮች አሉ። መቈጣቱ በጠባሳ ሲሽር እነዚህ ጠጕሮች ይጠፋሉ፥ ቧንቧውም ይጣበቃል። ሕመሙ አለፈ፤ ጠባሳው ግን ቀረ።

በስዊድን አገር በሉንድ ከተማ ቬስትሮምና ጓደኞቹ፥ ሕመማቸው በመሣሪያ ታይቶ የተረጋገጠላቸውን ከ1800 የሚበልጡ ሴቶች ለብዙ ዓመታት ተከታትለው በ1992 ዓ.ም. ውጤቱን ጽፈዋል። የቧንቧ መቈጣት አንድ ጊዜ ከያዛቸው ከመቶ 8ቱ፥ ሁለት ጊዜ ከያዛቸው ከመቶ 19.5ቱ፥ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከያዛቸው ከመቶ 40ው በቧንቧ መደፈን ምክንያት መካን ሆነው ተገኙ። ካረገዙትም መካከል የመጀመሪያው ፅንስ ከማሕፀን ውጭ የሆነባቸው ከመቶ 9 ያህል ነበሩ፤ ሕመሙ ባልነካቸው ሴቶች ዘንድ ግን ከመቶ 1.4 ብቻ ነበር። ከእነዚሁ ሴቶች ታሪክ ሌላም ነገር ታወቀ፤ ሕመሙ ከጀመራቸው ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ቈይተው የታከሙት፥ ፈጥነው ከታከሙት ይልቅ ከሁለት እጥፍ በላይ ተጐድተዋል። ስለዚህ «እስቲ እስከ ሳምንቱ ልየው» የምትል ሴት የምትጠብቀው ምን እንደ ሆነ ትወቅ። ከማሕፀን ውጭ የሆነ ፅንስ ቧንቧውን ሲቀደው ውስጥ ለውስጥ የሚፈስሰው ደም በጥቂት ሰዓት ሊገድል ይችላል፤ የወር አበባዋ የቀረባት ሴት በአንድ ወገን ሆዷን በድንገት ቢወጋትና ዓይኗ ቢጨልምባት ወደ ሆስፒታል መድረስ ያለባት በዚያው ሰዓት ነው።

አሁን ወደ አንድ ከባድ ነገር እንመጣለን። በአገራችን ልጅ ያልወለደች ሴት የሚደርስባትን ለአንባብያን መዘርዘር አያሻም። «መካን» የሚለው ስም ለእርሷ ብቻ የተፈጠረ ይመስላል። ከጠበል ወደ ጠበል፥ ከባለ መድኃኒት ወደ ባለ መድኃኒት ትዞራለች፤ በመጨረሻም ወደ አባቷ ቤት ትሰደዳለች፤ ባልየውም ሌላ ያገባል። አሁን ነገሩን ከተሐዋሲው ወገን ሆነን እንየው። ወንድ በጨብጥ በተያዘ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ቀን ባለው ውስጥ ያቃጥለዋል፥ መግልም ያያል፤ ስለዚህ ፈጥኖ መድኃኒት ይሻል። መድኃኒቱንም ከከተማ ገዝቶ፥ ለማንም ሳይናገር ይድናል። ሚስቱ ግን ተሐዋሲውን ተቀብላ ምንም ሳይሰማት ትኖራለች፤ ከዓመት በኋላ ቧንቧዎቿ ይደፈናሉ። ከቤቱ የምትባረረው ታዲያ እርሷ ናት። እንዲህ ያለ ፍርድ በስንት ቤት እንደ ተፈረደ የሚያውቅ የለም፤ ነገር ግን ባልና ሚስት ልጅ ባጡ ጊዜ ሁለቱም አብረው ይመርመሩ የምንለው ለዚህ ነው። የባልየው ምርመራ ደግሞ ከሚስቲቱ ይልቅ እጅግ ቀላልና ርካሽ ነው።

ከዚህም በቀር የተቈጣ የማሕፀን አንገት ለኤች አይ ቪ በር ይከፍታል። በመቈጣቱ ምክንያት በዚያ የሚሰበሰቡት ነጭ የደም ሕዋሳት ቫይረሱ የሚፈልጋቸው ራሳቸው ናቸው፤ ልባሱም ስስና የሚደማ ሆኗል። ቫይረሱ በደሟ ያለባት ሴትም የማሕፀን አንገቷ መቈጣት ሲታከምላት በፈሳሿ የሚወጣው ቫይረስ እንደሚቀንስ ታውቋል።

ነፍሰ ጡር በሆነችው ሴት ላይ ደግሞ ጕዳቱ ወደ ልጁ ያልፋል። ምጥ ያለ ጊዜው ሊመጣ ይችላል፤ ሕፃኑም በቦዩ ሲያልፍ ተሐዋሲው ዓይኑን ይይዘዋል። የጨብጥ ከሆነ በተወለደ ከሁለት እስከ አምስት ቀን ባለው ውስጥ የሕፃኑ ሽፋሽፍት አብጦ መግል ይፈስሳል፤ ካልታከመም የዓይኑ ብሌን ቈስሎ ሊታወር ይችላል። የክላሚዲያው ዘግየት ብሎ፥ ከአምስተኛው ቀን በኋላ፥ ቀለል ብሎ ይመጣል፤ አንዳንዱንም ሕፃን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ትኵሳት የሌለበት ሳል ያመጣበታል። በጀርመን አገር በላይፕሲግ ከተማ ክሬዴ የተባለ ሐኪም ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በሚወለዱት ሕፃናት ዓይን ውስጥ አንዳንድ ጠብታ የብር ናይትሬት በመጨመሩ፥ ቀድሞ ከመቶ አሥር ገደማ የነበረው የዓይን መመረዝ ከመቶ ከአንድ በታች ወረደ። ዛሬ በአገራችን አዋላጅ ነርሶች ሕፃኑ እንደ ተወለደ ዓይኑን የሚቀቡት የቴትራሳይክሊን ቅባት የዚያ ሥራ ወራሽ ነው። እናቶች «ገና ለተወለደ ልጅ ምን መድኃኒት ያስፈልገዋል?» እያሉ አይከላከሉ። በቤት ለተወለደ ሕፃንም ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ወስደው ያስቀቡለት።

ስለ ሕክምናው

ጨብጥ በፔኒሲሊን መርፌ የሚድንበት ዘመን አልፏል። በ1976 ዓ.ም. ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ የጨብጥ ዘር ታወቀ፤ ከዚያ ወዲህም ተሐዋሲው መድኃኒቶችን አንዱን ከአንዱ እያስከተለ ተላምዷል። አሁን የሚታመንበት ሴፍትሪያክሶን የሚባለው መርፌ ነው። ለክላሚዲያ ዶክሲሳይክሊን ለሰባት ቀን ይሰጣል፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ግን ዶክሲሳይክሊን ስለማይስማማ በአዚትሮማይሲን ይተካል። ለትሪኮሞናስ ሜትሮኒዳዞል ነው። እነዚህን ስሞች የጻፍነው አንባቢ ከሱቅ ሄዶ እንዲገዛቸው አይደለም፤ ጎረቤት የተረፋትን ሁለት ክኒን ተበድሮ መዋጥ ለየትኛውም ተሐዋሲ እንደማይበቃ እንዲታወቅ ነው። ግማሽ መድኃኒት ተሐዋሲውን አይገድለውም፤ ያስተምረዋል እንጂ።

ተሐዋስያን ሳይሆኑ ቅባት ወይም ውስጥን መታጠብ ያስቈጣው ሲሆን፥ መድኃኒቱ ያንን መተው ነው።

ሴቲቱ ብቻ ታክማ ወደ ቤቷ ብትመለስ ሥራው ገና አልተጀመረም ማለት ይቻላል። ባለፉት ሁለት ወራት ከእርሷ ጋር የተገናኘ ወንድ፥ ባይታመምም፥ አብሮ መታከም አለበት፤ ሁለቱም መድኃኒታቸውን እስኪጨርሱ፥ መድኃኒቱ የአንድ ቀን ከሆነም ከዚያ በኋላ ሰባት ቀን እስኪሞላ፥ ከሩካቤ ይታቀቡ። ለባል እንዴት ይነገረው? ይህ ከመድኃኒቱ ይልቅ የሚከብድ ጥያቄ ነው። ዱላ የሚያስፈራት ሴት ብቻዋን እንድትናገር አንመክራትም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛው ትምጣና አዋላጅ ነርሷ ወይም ሐኪሙ ይንገረው። ባልየውም ይህን ይወቅ፤ ክላሚዲያና ትሪኮሞናስ ሳይታወቁ ወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በላይ ሊኖሩ ስለሚችሉ፥ ዛሬ በሚስቱ ላይ የተገኘው በሽታ ትናንት የተደረገን ነገር አይመሰክርም፤ ከሁለቱ ማን ቀድሞ እንዳመጣውም ምርመራው አይናገርም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ በዚህ በሽታ ግን የደበቀው ሰው ይድንና የተደበቀባት ትቀራለች። ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ የተገኘባት ሴት ከሦስት ወር በኋላ ተመልሳ ትመርመር፤ ዳግመኛ መያዝ እጅግ የተለመደ ነውና።

ሉፕ ለማስገባት የምትፈልግ ሴት መግል ያለበት መቈጣት ከተገኘባት ቀድማ ትታከም፤ ሉፕ ቀድሞ የገባላት ግን ለዚህ ተብሎ ማስወጣት አያስፈልጋትም።

ብዙዎች መቈጣቱ ወደ ካንሰር ይለወጥ እንደ ሆነ ይጠይቁናል። የማሕፀን አንገት ካንሰር ምክንያቱ ለብዙ ዓመታት ሳይጠፋ የሚቈይ ሂዩማን ፓፒሎማ የሚባል ቫይረስ ነው፤ ሃራልድ ሱር ሃውዘን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ከዓይነቶቹ ዋነኛውን በ1983 ዓ.ም. በካንሰሩ ውስጥ አግኝቶ፥ በ2008 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። ስለዚህ የተቈጣ የማሕፀን አንገት ያላት ሁሉ ካንሰር አለባት ማለት አይደለም፤ የታከመችም ሴት ከካንሰር ምርመራ ነጻ ሆነች ማለት አይደለም። በአገራችን ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ሴቶች የማሕፀን አንገታቸው በቀጭን አቼቶ ተቀብቶ እንዲታይ ይመከራል፤ የተለወጠው ቦታ ይነጣል። ለልጃገረዶችም የዚህ ቫይረስ ክትባት ከ2018 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ይሰጣል።

ምርመራው ራሱ ብዙ ሴቶችን የሚያስፈራ ስለ ሆነ እንዴት እንደሚደረግ እንንገር። ሴቲቱ በጀርባዋ ትተኛለች፤ ነጠላዋን ወይም አንሶላ በጉልበቷ ላይ ታደርጋለች፤ መርማሪው ብልትን ከፍቶ የሚያሳይ ንጹሕ መሣሪያ ቀስ ብሎ ያስገባል፤ አይቶ፥ በጥጥ ፈሳሽ ወስዶ ያወጣል። ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ ይቈረቍር ይሆናል እንጂ አያቈስልም። መርማሪው ወንድ ከሆነ ሴት ነርስ አብራ እንድትቆም መጠየቅ ነውር አይደለም፤ መብት ነው። ከምርመራው በፊት ባሉት ሁለት ቀናት በብልት ውስጥ ቅባት ወይም ክኒን አለማስገባት፥ ውስጡንም አለመታጠብ፥ ከሩካቤም መከልከል ይጠቅማል። የወር አበባ በሚፈስስበት ቀን ባይሆን ይመረጣል፤ ትኵሳት ወይም ብርቱ የሆድ ሕመም ያለባት ሴት ግን እስኪቆም ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ትምጣ።